የፊልሙ ዜማ በአራት ክር

እናቴ የሞተችው በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ዝናቡ ፋታ ባልሰጠበት ሰሞን ነው። ላፍቶ ያን ጊዜ ገና ግማሹ ማሳ ነበር። ታክሲ ዋናው መንገድ ላይ ያወርደንና ቀሪውን በእግራችን እንሄዳለን፤ ክረምት ላይ ቦት ጫማ ያላደረገ ሰው ጫማውን ጭቃው ውስጥ ትቶ ይወጣል። አስከሬኗን የተሸከሙት የእድር ሰዎች አቋራጩን ፈርተው በጤፍ ማሳው ዳር ዞረው ነው ሀና ማርያም የደረሱት። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ እግራቸውን አይ ነበር። አንዱን ያዳልጠዋል ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ቀን በደንብ የማስታውሰው ያንን ስጋት ብቻ ነው።

አላለቀስኩም። የሟች ልጅ፣ ያውም አንድ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ካላለቀሰች ሰው ያያል። በመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ ነው አሉ። በሠልስቱ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የአባቴ ታላቅ እህት ከፉሪ መጥታ ከአጠገቤ አልተለየችም ነበር፤ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ፣ «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ሞከርኩ። ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ የእናቴን መልክ ለማምጣት ታገልኩ። የመጣልኝ የነጠላው የሳሙና ሽታ ነበር።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ የእድሩ ወንበርና ሳህን ተመልሶ፣ እንግዳው ሁሉ ሲበተን እኔና አባቴ ቀረን። አባቴ በጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላሪኔት ነፊ ነበር። ለባንዱ ሙዚቃ የሚያቀናብረውም እሱ ነበር፤ አንድ ዜማ ይሰማና ይህንን ለጥሩምባው፣ ያንን ለሳክስፎኑ፣ ይህችን ለከበሮው እያለ ያከፋፍላል። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን ክላሪኔቱን ከሌላው ንብረት ጋር አስረክቦ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቦታው በመስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ነበረች። ቤቱን ያቆመችው እናቴ ናት፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ ሕመሙ አላስቆም እስኪላት ድረስ። እሷ ከሄደች በኋላም አባቴ ከዚያች ወንበር አልተነሳም። ምግብ ሳቀርብለት ይበላል፣ ሳነሳ ዝም ይላል። የሐዘን ቤት ስለሆነ ራዲዮናችን በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። እኔም ሆንኩ እሱ ዝምታው የከበደን አይመስለኝም። ሁለታችንም የምንናገረው አልነበረንም።

መስከረም ሲጠባ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሀና ማርያም አካባቢ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ልጆቹ ይዘምራሉ፣ አብሬያቸው እዘምራለሁ። ይወድቃሉ፣ አነሣቸዋለሁ። አንዷ ሕፃን አንድ ቀን ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ስታየኝ ቆየችና ወደ ጨዋታዋ ሄደች። ምን እንዳየች አላውቅም።

ኅዳር ላይ ከውጭ በእርዳታ የመጣ አንድ ትልቅ ካርቶን ተከፈተ። ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች፣ ግማሹ የጎደለ የሥዕል መገጣጠሚያ፣ የፕላስቲክ ድስቶች። ከሁሉም ስር አንዲት ትንሽ ጊታር ወጣች። ጊታር ያልኳት ሌላ ስም ስለማላውቅላት ነው፤ ርዝመቷ ከክንዴ አይበልጥም። የክር ማጥበቂያዋ አራት ሲሆን የነበራት ክር ግን ሁለት ብቻ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ አገላብጠው አዩዋትና ልጆቹ ይሰብሯታል፣ ክሯም ዓይን ትወጋለች ብለው ለእኔ ሰጡኝ። አባትሽ ሙዚቀኛ አይደሉ፣ ምናልባት ይጠግኗት ይሆናል አሉ። አልፈልግም ለማለት ምክንያት መናገር ነበረብኝ፤ ስለዚህ ተቀበልኩ። በፌስታል አንጠልጥዬ፣ አንገቷ ወደ ውጭ እየወጣ፣ ቤት ወሰድኳትና ጓዳ ውስጥ ሣጥን ላይ አስቀመጥኳት። ለአባቴም አልነገርኩትም።

ጓዳችን የሚጋራው ግድግዳ የጎረቤታችንን ነበር። ጎረቤታችን ከጥንት ጀምሮ እዚያው ካረሱ ቤተሰቦች ወገን የሆኑ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቶባቸው መሬታቸውም እየተሸራረፈ ሲሄድ እህል ያስቀምጡበት የነበረውን ቤት ጠርገው፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ ቴሌቪዥንና ዴክ አስገብተው ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። በለቅሷችን ሳምንት ዘግተውት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከሰዓት በኋላ ሁሉ የህንድ ፊልም በጭቃው ግድግዳ በኩል ወደ ጓዳችን ይገባል። ንግግሩ አይገባንም፣ ሥዕሉም አይታየን፤ ሙዚቃው ግን ቤታችን ውስጥ የሚጫወቱት ያህል ይሰማል። አንድ ፊልም ነበር፣ ሰዉ ወዶት እየጠየቀ ደጋግመው የሚያሳዩት። መሀሉ ላይ ዘፋኝ የሌለው አንድ ዜማ ይመጣል፤ በቫዮሊን ይጀምራል፣ ከዚያ ዋሽንት ይቀበለዋል። ከሥራ ተመልሼ ሽንኩርት የምልጥበት ሰዓት ላይ ነበር የሚደርሰው።

አንድ ቀን ቢላዋዬን አስቀምጬ ጊታሯን አነሣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ያዘነን ሰው ሙዚቃ ያጽናናዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን መጽናናት አልፈለግኩም፣ የሚጽናና ነገርም ውስጤ ያለ አልመሰለኝም። እጄ ሥራ ፈታና አነሣት፣ ይኸው ነው። በሁለቱ ክር ላይ ያንን ዜማ መፈለግ ጀመርኩ። ሐዘን ቤት መሆናችንን ስላልረሳሁ በጣቴ ጫፍ፣ ለራሴ ብቻ እንዲሰማኝ አድርጌ ነበር የምነካት። አንዷን ድምፅ አገኛለሁ፣ ሁለተኛዋን አገኛለሁ፣ አራተኛዋ ላይ እሳሳታለሁ። እንደገና እጀምራለሁ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን አባቴ ከሳሎን ሆኖ፣ «አራተኛዋ ዝቅ ትላለች» አለ።

ድምፁ ከቆየበት ሻካራ ሆኖ ነበር። ዝቅ አደረግኳት፤ ልክ ሆነች። ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወደ ጓዳ መጥቶ አያት። አንሥቶ ጀርባዋን በጣቱ ቆረቆረ፣ በክቡ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮለቀ። ኡኩሌሌ እንደምትባል ነገረኝ፤ ወጣት ሳለ ባንዱን ያሠለጠነ አንድ የውጭ ሰው ነበረችው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ለብቻው ይጫወትባት ነበር። ከዚያ ኮቱን ለብሶ ወጣ። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ብቻውን ከግቢ ሲወጣ ያን ቀን ነው ያየሁት። ሲመለስ መሽቶ አልነበረም። ሳሪስ የሚኖር የድሮ የባንድ ጓደኛው ጋ ሄዶ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይዞ መጥቷል፤ ጓደኛው ክራር የሚጠግንበት ነው። ሠራዊቱ ከተበተነ ጀምሮ ተያይተው አያውቁም ነበር። ምን አሉህ ስለው፣ «ሸብቷል» ብቻ አለኝ።

አራቱን ክር አስሮ ሲቃኛት ቆይቶ ግንባሩን ቋጠረ። ከላይ ያለው ክር እንደ ጊታር ወፍራም ድምፅ ይሰጣል ብሎ ሲጠብቅ ቀጭን ሆነበት። ያ የውጭ ሰው እንዴት ይቃኛት እንደነበር ለማስታወስ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። በመጨረሻ ገባው፤ ቀጭን መሆን አለበት። «ይህች ዕቃ መሬት የላትም» አለኝ። ከስር የሚሸከም ወፍራም ድምፅ የላትም ማለቱ ነበር።

ማቀናበር የጀመርነው እንዲህ ነው። ፊልሙ ሲጀመር ሁለታችንም ጓዳ እንገባለን፤ እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ ሣጥኑ ላይ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ምን ምን እንደምሰማ እንድነግረው ይጠይቀኛል። ቫዮሊን እላለሁ። ስንት ዓይነት ቫዮሊን ይላል። አላውቅም እላለሁ። እንደገና ስሚ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሙዚቃው መሀል ላይ ይቆረጥና ግማሹን ይዘን እስከሚቀጥለው ጊዜ እንጠብቃለን። ያገኘነውን በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ አምስት መስመር አስምሮ ይጽፈዋል፤ ኖታ ማንበብም ያን ጊዜ ነው ያስተማረኝ።

እኔ የሰማሁትን ሁሉ መጫወት እፈልግ ነበር። ጣቴ አይበቃም።

«አርባ ሰው የሚጫወተውን ለአራት ክር ስታመጪ» አለኝ፣ «መጀመሪያ ምን ልጨምር ብለሽ አትጠይቂም። ምን ልጣል ብለሽ ነው የምትጠይቂው።»

ቫዮሊኖቹን ጣልን። ከዋሽንቱ ሁለት ድምፅ ብቻ አስቀረን፣ ዜማው ትንፋሽ የሚወስድባት ቦታ ላይ። ዜማውን ከታች ባለው ክር ላይ አደረግነው፤ ከበሮውን ደግሞ በጥፍሬ ክሮቹን ወደ ታች ጠረግ እያደረግኩ አመጣሁት። ፊልሙ ውስጥ ድምፁ የሚለጠጥበት ቦታ ነበር። እዚያ ላይ ጣቴን ክሩ ላይ እንዳንሸራትት አሳየኝ። የጎደለውን ወፍራም ድምፅ እሱ ከበርጩማው ላይ ሆኖ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። መጀመሪያ እንድቆጥርበት ብሎ ነበር። በኋላ ግን እሱ ካልገባ እኔም መቀጠል አልችል አልኩ።

ያ ዜማ ፊልሙ ውስጥ ምን ላይ እንደሚመጣ አናውቅም ነበር። እኔ ቀብር ነው አልኩ። አባቴ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው እየተሸኘ ነው አለ። አዳራሹ ውስጥ ሲስቁ ይሰማን ነበር፤ ግን የሰፈሩ ጎረምሶች ሰው ሲሞትም ስለሚስቁ እሱን ማስረጃ አላደረግነውም። ሄዶ ማየት ለማናችንም አልመጣልንም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሐዘን ነው ብለን ተስማማንና በዚያው አቀናበርነው። ሳስበው ደስ የሚለኝ ሥራ አልነበረም፤ የሚያስከፋኝም አልነበረም። ከሰዓት በኋላውን ይወስደዋል፣ ከዚያ እራት ይደርሳል።

ከጥምቀት በኋላ አክስቴ ሳይታሰብ መጣች። የግቢውን በር ስትገፋ እኔ እየተጫወትኩ ነበር። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ሳሎኑ መሀል ቆማ መጀመሪያ ጊታሯን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ወንድሟን አየች።

«እናቷ ላይ አፈሩ ሳይደርቅ ክራር ትመታለች?» አለች። የጠየቀችው እሱን ነው።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አለ አባቴ።

አላዘዘኝም። ማንም አላዘዘኝም።

«አንተ?»

«አዎ። ዝም ማለቱን ሞከርነው።»

አክስቴ ተቀመጠች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እናቴን በሕመሟ ጊዜ ያጠበቻት እሷ ናት። የሰው አፍ እንደሚያስፈራት፣ በፉሪም በላፍቶም አላለቀሰችም እየተባልኩ እንደምነሣ ተናገረች። አሁን ደግሞ ይህ ሲሰማ ምን ይባላል አለች። አባቴ ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ ሻይ እንዳፈላላት ነገረኝ። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። በር ላይ ስትሳለመኝ ከወትሮው ረዘም አድርጋ አቀፈችኝ፣ እኔም እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ። ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ የአክስቴ አጥንት ከሹራቧ ስር ቀጭን መሆኑ ነው የተሰማኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ ጊታሯን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰቀላት። ለሐዘኑ ያልተውነውን ለጾሙ ተውነው። ከፋሲካ በኋላ አወረዳት።

ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በፊት ከባድ ነጎድጓድ በነበረበት እሑድ፣ ጎረቤታችን በአጥሩ ክፍተት በኩል ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልነበረም፣ ግን ፊታቸው እንደዚያ ነበር። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አቃጥሎታል። ሥዕሉ አለ፣ ድምፁ የለም። ጠጋኝ የሚገኘው ሰኞ ነው፣ የእሑድ ተመልካች ደግሞ በር ላይ ተሰልፏል። ያንን ፊልም ነበር የሚያሳዩት።

«ወሬውንስ ድሮም የሚሰማው የለም» አሉ። «ሙዚቃው ከሌለ ግን ሰዉ አይቀመጥልኝም። እናንተ በግድግዳው በኩል ስትጫወቱት እሰማለሁ።»

አባቴ ሐዘን ላይ መሆናችንን በትሕትና አስታወሳቸው። ገና ዓመት አልሞላትም አለ።

እሳቸው ወደ ቪዲዮ ቤታቸው ዞረው አዩ። ከዚያ፣ «እሷ ይህንን ፊልም ትወደው ነበር እኮ» አሉ።

ስለ ማን እንደሚናገሩ መጀመሪያ አልገባኝም። እናቴ የቪዲዮ ቤት በር ረግጣ የምታውቅ ሴት አልነበረችም። እኔን እንኳ ልጅ ሳለሁ ፊልም ቤት አትልከኝም ነበር። ጎረቤታችን ግን ቀስ ብለው ነገሩን። ፋብሪካውን ከተወች ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጓሮ በር ትመጣ ነበር። ኋላ ያለው አግዳሚ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ እግሯ ያብጥ ስለነበር። ለእኛ ጸበል ሄጄ ነው ትለን ነበር። አንዳንድ ቀን እውነትም ጸበል ትሄዳለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እዚያ፣ ከጓዳችን ግድግዳ ማዶ ነበረች።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አያቸው። «ብቻዋን?» አለ።

«ብቻዋን። ሥራ ስፈታ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ትስቅ ነበር።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ክሩን ቃኚው» አለኝ።

አዳራሹ ጨለማ ነበር፤ መስኮቶቹ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል። የእርጥብ ልብስና የአፈር ሽታ አለው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ከስሩ በጎን በኩል ሁለት ወንበር አደረጉልን። ወጣቶቹ ሲያዩን አፏጩ፤ አንዱ «አዝማሪ መጣልን» ብሎ ሌሎቹን አሳቃቸው። አባቴ ኮቱን ቆልፎ ወደ ኋላኛው አግዳሚ አየ። ሦስት ጎረምሶች ተቀምጠውበት ነበር። ማንን እንደሚፈልግ የገባው ለእኔ ብቻ ነው። ከዚያ ተቀመጠ።

ፊልሙ ተጀመረ። ወራት ሙሉ ሙዚቃቸውን የተጫወትኩላቸውን ሰዎች ያን ቀን ነው ያየኋቸው። ሴትየዋ እኔ ከገመትኩት በዕድሜ ትበልጣለች። እኛ ያቀናበርነው ጥቂቱን ብቻ ስለነበር ብዙው በዝምታ ያልፋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ዘፈኖቹ ሲደርሱ ተመልካቹ ራሱ ዘፈነው። ቃሉን ሳያውቁ ድምፁን በቃላቸው ይዘውታል። እኔ ምቱን ብቻ እየጠበቅኩ ከስር አጀብኳቸው።

ያ ዜማ የሚመጣበት ቦታ ደረሰ። ጎረቤታችን በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ጀመርኩ፣ እንዳቀናበርነው፣ ቀስ ብዬ። ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቀብር የለም፣ ሽኝትም የለም። ሚስቱ ታማ ተኝታለች። ባልየው፣ ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ ትልቅ ሰውዬ፣ ቂጣ ሊጋግርላት ይታገላል። ዱቄቱ ጢሙ ላይ በኗል። ቂጣው አረረበት። ጀርባው ጋ ሊደብቀው ሲሞክር ጭሱ በትከሻው ላይ ይወጣል፤ እሷም አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከስራቸው አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ቀስ እያልኩ እጎትታለሁ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ። «ፍጠኚ» አለኝ። «ሐዘን አይደለም።»

አልቻልኩም። ጣቶቼ የለመዱት ያንን ብቻ ነው። ያን ጊዜ እሱ ከስር የሚያንጎራጉረውን ጮክ አድርጎ፣ አፍጥኖ ያዘው፤ እግሩንም አፈሩ ላይ መምታት ጀመረ። ተከተልኩት። አንድ ሁለት ቦታ ሳትኩ፣ ከዚያ ገባሁ። ያው ዜማ ነው፣ አንድም ድምፅ አልተለወጠም፣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሰዉ በምቱ ማጨብጨብ ያዘ። አባቴን አየሁት። እያንጎራጎረ ዓይኑን ከሰውዬው ላይ አልነቀለም። ሰውዬው ያረረውን ቂጣ ለሚስቱ ሰጣት፣ እሷም ቆርሳ በላች። አባቴ ማንጎራጎሩን አላቋረጠም። ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ብርሃን ይሁን ከሌላ አላጣራሁም።

ሲያልቅ ጥቂቶች አጨበጨቡ፤ ሌሎች ዘፈን በሌለበት ቦታ ሁሉ ዝም ማለታችንን እያነሡ አጉረመረሙ። ጎረቤታችን መርቀው ሸኙን። ቤት ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ሳለ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። በሽታ መሰለኝ። ቆይቼ ስመረምረው ንዴት ነው። እናቴ ላይ ተናድጃለሁ። እዚያ ማዶ ተቀምጣ ስትስቅ እኛን ጸበል ብላ ሸንግላን። እኔ ከሥራ ስመለስ እግሯን በሙቅ ውኃ ሳጥብላት አንድ ቀን እንኳ ስለዚያ ሰውዬና ስለ ቂጣው አልነገረችኝም።

«ለምን አልነገረችንም?» አልኩት አባቴን። ድምፄ ከፍ ብሎ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ደጃፉ ላይ ቆሞ ኮቱን እየፈታ ነበር። ኮቱን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

«ብትነግረን እናስቀራት ነበር» አለ። «ታመሻል፣ ተኚ እንላት ነበር።»

እውነት ነው፣ እንላት ነበር። ግን እውነት መሆኑ ንዴቴን አላበረደውም። ሳምንቱን ሙሉ ተናድጄ ሰነበትኩ፤ ዕቃ ሳጥብ አንኳኳለሁ፣ በር ስዘጋ አጮኻለሁ። አባቴ ይሰማል። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት አንድም ዕቃ አላንኳኳሁም ነበር።

ቴሌቪዥኑ ተጠግኖ መጣ። ትንሽ ቆይቶ የህንዱ ፊልም ቀረና የካራቴ ፊልም ተተካ፤ የእሱ ሙዚቃ ለአራት ክር የሚሆን አልነበረም። አባቴ ግን የሳሪሱን ጓደኛውን ቅዳሜ ቅዳሜ መጠየቅ ጀመረ። ጓደኛው ሌሎች የባንድ ሰዎች የት የት እንደደረሱ ያውቃል። አንዱ ዘበኛ ሆኗል፣ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል። ወሬውን ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔም እሰማዋለሁ። የእናቴ ሙት ዓመት በነሐሴ ወጣ። አክስቴ ድፎውን ጋገረች፣ ቄሶቹ ፈቱ፣ ሰዉ በላ፣ ጠጣ። የዚያን ቀንም አላለቀስኩም። ማንም አላነሣውም፤ ሰው በዓመቱ ይሰለቻል።

ያለቀስኩት በጥቅምት ነው። ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ በታክሲ እየተመለስኩ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባ፣ ምንም ሳላስብ። መጀመሪያ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ታክሲው ሙሉ ነበር፣ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ፣ መልሰው ወደ ፊት ዞሩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የማላውቃት ሴት ምን ሆንሽ አላለችኝም። የነጠላዋን ጫፍ እጄ ውስጥ አስገባችና ወደ ውጭ እያየች ተቀመጠች። የምትወርድበት ሲደርስ ነጠላዋን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ወረደች። እኔ ዋናው መንገድ ላይ ወርጄ በእግሬ ቤት ደረስኩ። አባቴ በር ላይ ነበር። ፊቴን አይቶ መንገድ ለቀቀልኝ፣ ተከትሎኝ ገባና ውኃ ቀዳልኝ።